ትንሹ ዕቃና ትልቁ ቤት፦ የጃፓን ላከር ቅብ የአሻንጉሊት የቤት ዕቃዎች አሰባሰብ ለጋሞ ቁሳዊ ቅርስ ምዝገባ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

የቤት ዕቃ ከቤቱ ወጥቶ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ቅርጹ ይተርፋል፤ የሠራው ሰው፣ የተሠራበት ምክንያትና አብረውት የነበሩት ዕቃዎች ግን በጽሑፍ ካልተያዙ በቀላሉ ይረሳሉ። ይህ ችግር በተለይ ጎልቶ የሚታየው በአነስተኛ አምሳያዎች ላይ ነው። አምሳያ ለአገልግሎት ሳይሆን ለእይታ የሚሠራ በመሆኑ፣ በአጠቃቀም ምክንያት የሚፈጠር ጭረት፣ ጥላሸት ወይም ስብራት በላዩ አይገኝም። ስለዚህ ስለራሱ የሚናገረው ከሌላው ዕቃ ያነሰ ነው።

ይህ ጽሑፍ በጃፓን ለአሻንጉሊት ማሳያ ተብለው የተሠሩትን ጥንታዊ የላከር ቅብ የቤት ዕቃዎች አሰባሰብ ይመረምራል። ዓላማው የሩቅ አገርን ልማድ ማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። በሴቻም ሆነ በጨንቻ የጋሞን የቤት አሠራርና የእጅ ሥራ ውጤቶች ለመሰብሰብ ለሚያስብ ተመራማሪ፣ ከዚያ ልምድ ሊወሰዱ የሚችሉትንና የማይችሉትን ነጥቦች ለይቶ ማሳየት ነው። የሁለቱን አገሮች ዕቃዎች ማነጻጸር ለኢትዮጵያ ጥናት እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ከጎበኙ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1924 ዓ.ም. አሳትመው፣ ያችን አገር ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች አቅርበዋታል።

የዕቃዎቹ ምንነትና መነሻ

በጃፓን በየዓመቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማርች 3 ቀን ሂና ማትሱሪ የሚባል የሴት ልጆች በዓል ይከበራል። ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱን አምሳያ የያዙ አሻንጉሊቶችን በደረጃ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ሙሉ የሚባለው ማሳያ ሰባት ደረጃዎችና አሥራ አምስት አሻንጉሊቶች አሉት። ከታች ባሉት ደረጃዎች ላይ ሂና ዶጉ የሚባሉት ጥቃቅን የቤት ዕቃዎች ይደረደራሉ፦ የልብስ ሣጥን፣ የመሳቢያ ቁም ሣጥን፣ የመስታወት ማቆሚያ፣ የስፌት ሣጥን፣ የምግብ መያዣ፣ ምድጃ፣ ቃሬዛ መሰል መጓጓዣና በበሬ የሚጎተት ሠረገላ።

እነዚህ ዕቃዎች የዘፈቀደ መጫወቻዎች አይደሉም። አርአያቸው የባላባት ልጅ ስታገባ ወደ ባሏ ቤት ይዛው የምትሄደው የጥሎሽ ዕቃ ነው። የዚህ ጥሎሽ ታዋቂ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1639 የሦስተኛው ሾገን የቶኩጋዋ ኢዬሚትሱ ልጅ ቺዮሂሜ ለኦዋሪ ቤተሰብ ስትዳር የተሠራው የላከር ዕቃ ሲሆን፣ ዛሬ በናጎያ በሚገኘው የቶኩጋዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይጠበቃል። ሙሽራይቱ በወቅቱ ገና ሕፃን ነበረች። ይህም ጥሎሹ ከአገልግሎት ይልቅ የሁለት ቤቶችን ክብርና ውል መግለጫ እንደነበረ ያስረዳል። የአሻንጉሊቶቹ ዕቃዎች ይህንኑ ትርጉም በትንሹ ይደግማሉ።

ከዕቃዎቹ መካከል ሁለቱን በምሳሌነት ማንሳት ይበቃል። የመጀመሪያው ለዛጎል ጨዋታ የሚያገለግሉ ዛጎሎች የሚቀመጡባቸው ጥንድ ባለ ስምንት ማዕዘን ሣጥኖች ናቸው። የአንድ ዛጎል ግማሽ ከራሱ ሌላኛ ግማሽ በቀር ከማንም ጋር ስለማይገጥም፣ ጥንዶቹ ሣጥኖች የጋብቻ ታማኝነት ምልክት ሆነው በሙሽራ አጀብ ውስጥ ቅድሚያ ይሰጣቸው ነበር። ሁለተኛው ባለትዳር ሴቶች ጥርሳቸውን ለማጥቆር ይጠቀሙበት የነበረው የዕቃ ስብስብ ነው። ጥርስ ማጥቆር በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እየቀረ ሄዷል፤ ጥቃቅኖቹ ዕቃዎች ግን የልማዱን መሣሪያዎች በቅደም ተከተላቸው ይዘው ቆይተዋል። አምሳያ ከእውነተኛው ልማድ በላይ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ይህ በግልጽ ያሳያል።

መጠንን የወሰነው ሕግ

ዕቃዎቹ እንዲህ ሊያንሱ የቻሉበት ምክንያት የውበት ምርጫ ብቻ አልነበረም። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.፣ ሾገናዊው መንግሥት ከማዕረግ በላይ የሆነ ቅንጦትን የሚከለክሉ ደንቦችን ደጋግሞ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1721 የወጣው ደንብ የአሻንጉሊቶችን ቁመት በ8 ሱን፣ ማለትም በ24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወሰነ፤ በዕቃዎቹም ላይ የወርቅ ጌጥን ገደበ። ሀብታም ነጋዴዎች ግን ገንዘባቸውን ማሳየት አልተዉም። ትልቅ መሥራት ሲከለከል፣ እጅግ ትንሽና እጅግ የተጣራ ማሠራት የሀብት መለኪያ ሆነ። በኤዶ ከተማ በኡዬኖ ኢኬኖሃታ የነበረው ናናሳዋያ የተባለው ሱቅ ስሙን ያተረፈው በእንደዚህ ዓይነት ጥቃቅን ሥራዎች ነው።

እዚህ ላይ የሙያውን ባሕርይ ማስተዋል ይገባል። ላከር ከአንድ የዛፍ ዓይነት ግንድ ተፈንቅሎ የሚወጣ ፈሳሽ ሲሆን፣ አንድ ዛፍ በጠቅላላው የሚሰጠው 200 ግራም ገደማ ነው። ፈሳሹ እንደ ተራ ቀለም በመትነን አይደርቅም። በውስጡ ባለ ኢንዛይም አማካይነት ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ይጠነክራል፤ ለዚህም ሞቅ ያለና እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ የሆነ አየር ይፈልጋል። ባለሙያው እንጨቱን አዘጋጅቶ፣ በሸክላ አፈር የተቀላቀለ መሠረት ቀብቶ፣ ቀጫጭን ንብርቦችን እየቀባና እየሞረደ ይሠራል። ማኪኤ በሚባለው ጥበብ ደግሞ ገና ባልደረቀው ቅብ ላይ የወርቅ ዱቄት ይነሰንሳል።

ይህ ሥራ በትንሽ ዕቃ ላይ ሲከናወን መጠኑ ቢቀነስም ጥሬ ዕቃው እኩል አይቀንስም። በትልቅ ሣጥን ላይ የማይታወቅ የቅብ ውፍረት በአውራ ጣት በሚያክል ሣጥን ላይ ጠርዙን ያደፈርሰዋል። በትልቁ ላይ የማይታይ የወርቅ ቅንጣት በትንሹ ላይ እንደ ጠጠር ይታያል። ስለዚህ ባለሙያው ሥዕሉን ማሳነስ ብቻ ሳይሆን ቅቡን ማቅጠን፣ ዱቄቱን ማላም፣ መሳቢያውም በእርግጥ እንዲሳብ አድርጎ መሥራት ይኖርበታል። የአምሳያ ጥራት የሚመዘነው ባለሙያው ይህን የመጠን ችግር በፈታበት መንገድ ነው።

ሰብሳቢው የሚመረምረው

እ.ኤ.አ. ከ1868 የሜይጂ ለውጥ በኋላ የባላባት ቤቶች ሀብት ተዳከመ፤ በ1873ም አምስቱ ባህላዊ የወቅት በዓላት ከመንግሥት በዓልነት ተሰረዙ። በየቤቱ ግምጃ ውስጥ የነበሩ ዕቃዎች ወደ ገበያ ወጡ፤ ብዙዎቹም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ከዚህ ሂደት በኋላ በሰብሳቢዎች ዘንድ የዳበረው የምርመራ ዘዴ በአራት ነጥቦች ይጠቃለላል።

አንደኛው የቤተሰብ ምልክት ነው። ሞን የሚባለው ምልክት በአንድ ስብስብ ዕቃዎች ሁሉ ላይ በአንድ ዓይነት እጅ ተሥሎ ከተገኘ ዕቃዎቹ አብረው ስለመሠራታቸው ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ስብስቡ ምን ያህል የተሟላ መሆኑ ነው። ከተለያዩ ቤቶች ተለቃቅመው እንደ አንድ ስብስብ የሚሸጡ ዕቃዎች በመጠን፣ በጌጥና በብረት ማያያዣዎቻቸው ልዩነት ይለያሉ። ሦስተኛው ማሸጊያ ነው። ቶሞባኮ የሚባለው የእንጨት ሣጥን ብዙ ጊዜ በክዳኑ ላይ የዕቃውን ስም፣ ዘመኑን ወይም ባለቤቱን የሚገልጽ የቀለም ጽሑፍ ይይዛል፤ ስለዚህ ያለ ሣጥኑ የተገኘ ዕቃ ከማስረጃው ተለይቷል ማለት ነው። አራተኛው ጥሬ ዕቃው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ብዙ ዕቃዎች በላከር ፈንታ በፋብሪካ ቅብ፣ በእንጨትም ፈንታ በፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው።

ከአራቱ ነጥቦች ሦስቱ ከዕቃው ውበት ጋር ግንኙነት እንደሌላቸው ልብ ሊባል ይገባል። ምልክት፣ ስብስብና ማሸጊያ የሚመልሱት «ይህ ዕቃ ከማን ጋር ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

የ1927 ልውውጥ፦ መዝገብ ሲፋለስ

የመዝገብን አስፈላጊነት ከሁሉ በተሻለ የሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1927 የተደረገው የአሻንጉሊት ልውውጥ ነው። በአሜሪካ የጃፓናውያን ስደተኞች መግቢያ በሕግ ከተዘጋ በኋላ የሁለቱን ሕዝቦች ቅሬታ ለማለዘብ፣ በሚሲዮናዊው ሲድኒ ጉሊክ አነሳሽነት 12,739 አሻንጉሊቶች ለሂና በዓል ወደ ጃፓን ተላኩ። በጃፓን በኩል ጉዳዩን የመሩት ባለ ሀብቱ ሺቡሳዋ ኤይቺ ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ 58 ትላልቅ አሻንጉሊቶች በምላሹ ወደ አሜሪካ ሄዱ። እያንዳንዱ አሻንጉሊት የአንድ ክፍለ አገር ወይም ከተማ መጠሪያ የያዘና የራሱ የላከር ሣጥኖች፣ የመብራት ማቆሚያዎችና የሻይ ዕቃዎች ያሉት ነበር።

አሻንጉሊቶቹ በየሙዚየሙ ከመከፋፈላቸው በፊት በአሜሪካ ከተሞች ለእይታ ዞረዋል። በዚህ ዙረት አንዳንዶቹ አሻንጉሊቶች ከማቆሚያቸውና ከዕቃዎቻቸው ጋር ተቀያየሩ። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ ሙዚየም የአንድ ክፍለ አገር ስም የተሰጠው አሻንጉሊት በእውነቱ የሌላ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎች ኋላ ላይ ማንነታቸውን ለማጣራት የተጠቀሙት በልብስና በዕቃዎች ላይ ያሉትን ምልክቶች እንዲሁም የቀድሞ ፎቶግራፎችን ነው። ዕቃዎቹ አልተሰረቁም፤ አልተሰበሩምም። የተጓደለው በዕቃና በስም መካከል ያለው ማያያዣ ነበር፤ እርሱን ለመጠገን ግን አሥርት ዓመታት ፈጅቷል።

የወለቃ የሸክላ ምስሎች

በኢትዮጵያ ለዚህ ቅርብ የሆነ ምሳሌ በጎንደር አቅራቢያ በወለቃ መንደር ይገኛል። የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሚሠሩት የማብሰያና የውኃ ሸክላ ጎን ለጎን ለጎብኚዎች የሚሸጡ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችን ያዘጋጁ ነበር፦ የይሁዳ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ከ1984 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በተካሄዱት ጉዞዎች፣ በተለይም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ሠሪዎቹ በአብዛኛው አገር ለቀቁ። በመንደሩ ግን ምስሎቹን መሥራትና መሸጥ አልቆመም፤ የቀሩትና ሙያውን የወረሱት ጎረቤቶች ቀጠሉበት።

ስለዚህ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ያለ የወለቃ ምስል ከ1983 ዓ.ም. በፊት ወይም በኋላ መሠራቱ የሥራውን ትርጉም ይለውጠዋል። በፊት የተሠራው አንድ ማኅበረሰብ ስለራሱ ያቀረበው ምስል ነው። በኋላ የተሠራው ደግሞ ጎረቤት ስለ ሄደው ማኅበረሰብ የሚያቀርበው መታሰቢያና የገቢ ምንጭ ነው። ሁለቱም ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው፤ ሁለቱን የሚለያቸው ግን ብዙ ጊዜ ሸክላው ሳይሆን ዕቃው በተገዛ ጊዜ የተጻፈ ወይም ያልተጻፈ አንድ መስመር ነው።

የዶርዜ ቤትና የአምሳያ ወሰን

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገታማ መንገድ ላይ የሚገኙት የዶርዜ ቤቶች በጋሞ ቁሳዊ ባህል ውስጥ ልዩ ቦታ አላቸው። ቤቱ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተፈትሎ ይሠራል፤ በእንሰት የቅጠል ሽፋንና በሌሎች ነገሮች ይከደናል። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ቁመት ሊደርስ ይችላል። ፊት ለፊት ወጣ ያለው መግቢያና ከበላዩ ያሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች ቤቱን የዝሆን ፊት ያስመስሉታል። ምስጥ ከታች ቀርከሃውን ሲበላ ባለቤቱ የተበላውን ይቆርጣል፤ ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ በርም ከፍ ተደርጎ እንደገና ይቀደዳል። በዚህ ሁኔታ ቤቱ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ሊቆይ ይችላል። ሲያስፈልግም ብዙ ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል።

ይህን ቤት በሙዚየም ለማሳየት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚመጣለት አምሳያ ማሠራት ነው። አንድ አሥረኛ በሆነ ልክ ቢሠራ የ12 ሜትሩ ቤት 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። እንዲህ ያለው አምሳያ የአፈታተሉን ቅደም ተከተል፣ የመግቢያውን አቀማመጥና የክዳኑን አደራረብ በሚገባ ሊያሳይ ይችላል። ከላከር ዕቃው የተገኘው ትምህርት ግን እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ቀርከሃውም እንደ ወርቁ ዱቄት ነው፤ ቤቱ በአሥር እጅ ሲያንስ የቀርከሃው ስንጥቅ በዚያው ልክ ካልቀጠነ አፈታተሉ ሌላ ይሆናል። በዚያው ልክ ከቀጠነ ደግሞ ስንጥቁ ክብደት የመሸከም ባሕርዩ ይለወጣል። አምሳያው የቤቱን ሥርዓት ይናገራል እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም።

ከዚህም የሚበልጥ ጉድለት አለ። አምሳያው አያጥርም። የዶርዜ ቤት ዋና ታሪክ ከምስጥ ጋር ያለው የብዙ ዓመት ትግል፣ የበሩ ደጋግሞ መቀደድ፣ የቤተሰቡ ዕድሜ በቤቱ ቁመት ላይ መነበቡ ነው። አምሳያ ቤቱን ሁልጊዜ በተሠራበት የመጀመሪያ ቀን ያቆመዋል። የጃፓኑ የመስታወት ማቆሚያም ፊቷን ያየችበት ሴት እንደሌለች ሁሉ፣ ጋብቻን እንደታሰበ እንጂ እንደኖሩት አያሳይም።

ስለ አጠቃቀም ምልክት ጥቅም ከጋሞ ራሱ የተገኘ ማስረጃ አለ። የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪው ጆን አርተር በጋሞ ሸክላ ላይ ባደረገው ጥናት፣ ለጠላ መፍያ የሚያገለግሉ ማሰሮዎች ውስጣቸው በፍላት ምክንያት እንደሚቦረቦርና ይህም ምልክት ከባለቤቶቹ ሀብትና ማኅበራዊ ደረጃ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እንግዲህ ያገለገለ ማሰሮ የቤቱን ኑሮ በውስጡ ይዟል። አዲስና ንጹሕ ማሰሮ ብቻ መርጦ የሚገዛ ሰብሳቢ ይህን ማስረጃ በገዛ ፈቃዱ ይተወዋል።

የባለሙያው ስም

በጋሞ ማኅበረሰብ የሸክላ ሠሪዎች ማና፣ ቆዳ የሚያለፉና ብረት የሚቀጠቅጡ ደግሞ ደጋላ በመባል ከማላ ተለይተው ኖረዋል። ከማላ ጋር ጋብቻ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ በመሬት ይዞታና በማኅበራዊ ሥርዓት ተሳትፎም ተገልለው ቆይተዋል። ዕቃቸው ግን በሁሉም ቤት ይገባ ነበር። አንድ የቅርስ ስብስብ «የጋሞ ማሰሮ» የሚል መግለጫ ብቻ ሲለጥፍ፣ ሳያውቀው ይህንኑ ማግለል ይቀጥላል፤ ዕቃውን ተቀብሎ ሠሪዋን ከበር ይመልሳል።

በጃፓን ገበያ የናናሳዋያ ስም የዕቃን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ሠሪው ስለታወቀ ነው። በጋሞም የሠሪዋ ስም በፈቃዷ ቢመዘገብ ጥቅሙ ለጥናቱ ብቻ አይሆንም፤ ለሙያው ክብር፣ ለሥራው ዋጋና ለልጆቿ ማስረጃ ይሆናል። ስሟ እንዲገለጥ የማትፈልግ ባለሙያ ብትኖር ደግሞ ፈቃዷ ሊከበር ይገባል። ማግለሉ ፈጽሞ ባልጠፋበት ቦታ ስምን ማውጣት ራሱ የሚያስከፍለው ዋጋ ሊኖር ስለሚችል፣ ውሳኔው የሰብሳቢው ሳይሆን የባለሙያዋ ነው።

የአየር ጠባይና አያያዝ

ላከር ጠንካራ ቢሆንም ሁለት ጠላቶች አሉት፦ የፀሐይ ብርሃንና ደረቅ አየር። ብርሃን የቅቡን ገጽ ያደበዝዛል፤ ደረቅ አየር ከቅቡ ሥር ያለውን እንጨት ያኮማትርና ስንጥቅ ያመጣል። በዚህ ምክንያት ጥንታዊ ዕቃዎች ለአጭር ጊዜ ብቻ ለእይታ ቀርበው ወደ ሣጥናቸው ይመለሳሉ። የበዓሉ ልማድም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ዕቃዎቹ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ወጥተው ይታሸጋሉ።

በጋሞ ዞን ተመሳሳይ ጥያቄ በከፍታ ልዩነት ይነሳል። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ፣ ቀዝቃዛና ጭጋጋማ በሆነ ደጋ ላይ ትገኛለች። ሴቻ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሞቃት በሆነ አየር ውስጥ ናት። ከደጋው ወርዶ በሴቻ የሚቀመጥ የቀርከሃ፣ የእንጨት ወይም የቆዳ ዕቃ የለመደውን እርጥበት ያጣል። በተጨማሪም ዕቃው ምስጥ ወይም ነቀዝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ወደ ማከማቻ ከመግባቱ በፊት ለብቻው ተለይቶ መቆየት፣ መመርመርና አየሩን ቀስ በቀስ መልመድ ይኖርበታል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ፣ ጥላ ያለበት ክፍልና በየጊዜው የሚሞላ መዝገብ ይበቃል።

ለምዝገባ የሚቀርብ ሐሳብ

ቅርስን መመዝገብ የፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ምዝገባን ይደነግጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። በአዋጁ ማዕቀፍ ውስጥ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ወይም የባህል ባለሙያ በጋሞ የሚሰበስበው እያንዳንዱ ዕቃ ቢያንስ የሚከተሉትን ይዞ ቢመዘገብ ከላይ የታዩት ጉድለቶች በአብዛኛው ይቀረፋሉ። የዕቃው ስም በጋሞኛ፤ የሠሪውና የተጠቃሚው ማንነት በፈቃዳቸው፤ የተሠራበትና የተገኘበት ቀበሌና ዓመት፤ በቤቱ ውስጥ የነበረበት ቦታ ከጎኑ ከነበሩት ዕቃዎች ጋር በፎቶግራፍ፤ የአገልግሎት ምልክቶቹ መግለጫ፤ የተከፈለው ዋጋ። አምሳያ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ፦ ለማን እንደተሠራና በምን ልክ እንደተቀነሰ።

መለያ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በዕቃውም ላይ በማይጎዳ መንገድ መጻፍ አለበት። የ1927ቱ አሻንጉሊቶች ስማቸው በማቆሚያቸው ላይ ነበር፤ ማቆሚያው ሲቀየር ስሙም አብሮ ተቀየረ።

ማጠቃለያ

የጃፓን የላከር ዕቃዎች አሰባሰብ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አምሳያ የጠፋ ልማድን ቅርጽ ሊያቆይ ይችላል። ነገር ግን ልማዱን የሚያቆየው እንደታሰበ እንጂ እንደተኖረ አይደለም። የማስረጃነት ዋጋውም ከስብስቡ፣ ከማሸጊያውና ከሠሪው ስም ጋር የተያያዘ ነው። ለጋሞ ይህ ማለት አምሳያን ከእውነተኛው ቤት ምትክ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ከቤቱ ልኬት፣ ከሠሪው ቃልና ካገለገሉት ዕቃዎች ጋር ጎን ለጎን መያዝ ይገባል ማለት ነው። ቀርከሃ ከላከር በፊት ይበሰብሳል፤ ግንበኛውም ሁልጊዜ አይገኝም። ዛሬ በዶርዜ ቆመው ያሉት ረጃጅም ቤቶች ቁመታቸው እየቀነሰ ስለሆነ፣ ልኬታቸውን የመውሰድ ሥራ ለሚቀጥለው የጥናት ዘመን የሚተው አይደለም።